ለሌሊት የተጻፈ ማብራሪያ

ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 5 ሰ.

ለክቡር ደብተሬ። በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅህ ነገር አለኝ፤ ቆመህ ስማ። ሌሊት ዛሬ ከቀበሌያችን የኪነት ትዕይንት ተሰረዘች። ዕድሜዋ ሦስት ሳምንት ነበር።

ከልምምድ አሁን መመለሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የኪነት ኃላፊው ጓ. ታደለ እኛን። በአፉ ማለቴ ነው። ሌሊት የበቀለ ዜማ ናት። በቀለ ጓደኛዬ፣ የክር ፋብሪካው ዘበኛ፣ የቡድናችን አኮርዲዮን ተጫዋች። ተረኛ ሆኖ ሲያድር የሠራት ናት። ቃል የላትም። ት/ቤት ሳለን የሙዚቃ መምህሩ ነግሮታል፤ ፈረንጆች ለሌሊት ብለው የሚሠሩት ዜማ አላቸው፣ ኖክተርን ይሉታል። እኛ ለሌሊት ያለን ሰዓት እላፊ ብቻ ነው አልኩት። አልሳቀም።

ጓ. ታደለ ግጥሙን በሦስት ቅጂ አምጣ አለው። የለውም። ታዲያ ምንድን ነው የሚለው?

«ምንም አይልም ጓድ። ሌሊት ነው።»

ምንም የማይል ነገር የሆነ ነገር ይላል ብሎ ሰረዛት። ሳቅኩ። ከአዳራሽ አስወጡኝ።

ነሐሴ 22

በቀለ ቤት። እናቱ እማማ ዘነበች በር ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ትልቁ ልጃቸው ግርማ ከተወሰደ ሁለት ዓመቱ። በሌሊት መኪና መጣ፣ ቆመ፣ ወሰደው፣ አለቀ። ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። በማግስቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው ገበያ ወጡ፤ ሰው ሲጠይቃቸው ደህና ነን አሉ። እስከ ዛሬ ደህና ናቸው።

ዜማዋ ያቺ ሌሊት ናት። የምናውቀው ሦስታችን ነን፣ አሁን አንተም። አፍህን ዝጋ።

መሰረዟን ሰምተዋል። ትዕይንት ሲኖር አዳራሹን የምታጨልመው አንተ አይደለህ አሉኝ። ነኝ፤ መስኮት ዘጊ፣ ማዕረጌ ነው። ድቅድቅ ይላል? ይላል።

«እንግዲያ እዚያ ማን ማንን ያያል» አሉ።

ገባኝ። ቤታቸው ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ነው፤ ድምፅ አውጥተው አልቅሰው አያውቁም። ነገሩ ሲከብደኝ ቀለድኩ፤ እማማ፣ በጨለማ ወንበር ሊሰርቁ መጡ እንዳይሉዎት አልኳቸው።

«አንተን ነው የሚይዙት። ፊትህ ይመሰክራል።»

ነሐሴ 23፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አዳንኳት። ጋዜጣ አገላብጬ ማብራሪያ ጻፍኩ፣ በበቀለ ስም። «ሌሊት ማለት ሰፊው ሕዝብ የማቀቀበት ያለፈው የጭቆና ዘመን ነው። ዜማው ቃል የሌለው ጭቁኑ የመናገር መብት ስላልነበረው ነው።» ከየት መጣልኝ? ስምንተኛን ሁለት ጊዜ የወደቅሁ ሰው ነኝ። ጓ. ታደለ ሁለቴ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ማኅተም መታ። ለበቀለ ጸደቀልህ አልኩት፤ እንዴት እንደሆነ አልነገርኩትም። ለብቻዬ እየሳቅኩ እስከ ጳውሎስ በእግሬ ሄድኩ።

ነሐሴ 28

ዛሬ ሳቅ የለም። ጓ. ታደለ ማብራሪያውን ኪሱ ይዞት ሲዞር ከርሞ አሰበበት። ሌሊት ጭቆና ከሆነች ንጋቱ የታለ? ሕዝቡ በጨለማ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው? ስለዚህ የመጨረሻዋ ድምፅ እንዳለቀች ከበሮ፣ ኅብረ ዝማሬ፣ ማርሽ። መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፣ ፀሐይ ትገባለች። ከፋቹ እኔ።

በቀለ ይሄ የማን ሐሳብ ነው አለ። ጓ. ታደለ ያንተው ነዋ ብሎ ወረቀቱን ሰጠው። አነበበ። የእጅ ጽሑፌን ያውቀዋል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከእኔ እየገለበጠ የወደቀ ልጅ ነው። አጠፈና መለሰለት። አዎ የኔ ነው አለ። ሌላ ምን ይበል?

በመንገድ ላይ ልቀልድ ሞከርኩ፤ ጓድ የንጋት አብሣሪ አልኩት።

«አንተ መቼም መርዳት ትወዳለህ» አለኝና ቀድሞኝ ሄደ።

ጳጉሜን 3፣ ከቀኑ 12 ሰ.

በ9 ሰ. አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ አቁሟል። ስድስቱንም መስኮት ዘጋሁ። እጅህን አታይም።

በቀለ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ፤ ፋብሪካው ነው፣ አያቋርጥም። በላዩ ቀጭን፣ ራቅ ያለ፤ ከእንጦጦ የሚወርድ ጅብ ይመስላል። ከዚያ ወፍራሙ ቀጥ አለ። ደጃፍህ ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ዝምታ ታውቀዋለህ? አታውቀውም፣ ደብተር ነህ። አዳራሹ በሙሉ ያውቀዋል።

ከሦስተኛው ረድፍ እማማ ዘነበችን ሰማኋቸው። ነጠላ የታፈነበት ለቅሶ። ከዚያ በግራ ሌላ። ከኋላ አንድ ወንድ። እኔ የአንድ ሰው ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ዜማው አለቀ። ለቅሶው አላለቀም። ጓ. ታደለ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፤ ምልክቱ ነው። እጄ የመስኮቱ መወርወሪያ ላይ። ክረምቱ እንጨቱን አሳብጦት እምቢ አለኝ ማለት እችል ነበር፤ ማን ያጣራል? ስንቱን ውሸት ሳወራ የኖርኩ ሰውዬ ያን አንዱን አላወራሁትም። ፈራሁ። ከፈትኩ።

ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወደቀ። እርጥብ ፊት ሁሉ። እርስ በርስ ተያዩ፣ ወዲያው መሬት መሬቱን አዩ። ከበሮው ተነሣ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ከአፋቸው አወጡና ማጨብጨብ ጀመሩ። ከሁሉ በፊት።

ጳጉሜን 4

ጓ. ታደለ ሪፖርቱን ጽፏል፦ ንጋቱ ሲበሠር ሕዝቡ በደስታ አለቀሰ። ሌሊት ከነማርሿ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው እንድትቀርብ ተመርጣለች። በቀለ እሺ ብሏል።

እማማ ዘነበችን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። 

«ትንሽ ብትዘገይ ምን ነበረበት፣ ልጄ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ጎረቤት ሲገባ ስለ በርበሬ ማውራት ጀመሩ።

በቃ ደብተር፣ ነገሩን አግዝፌብህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ማንም አልታሰረም። ማንም አልተመታም። እማማ ዘነበች ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ ቀሩ። ያችው ናት።