የጓሮው እሳት

አልደር ፎርክ፣ ኦሪገን
እሑድ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ልጄ ለኮልቢ፣

እንዴት ነህ የኔ ልጅ? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን ጸደይ ነው አይደል? እኛ ጋ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል፤ ዝናብ ግን ጠብ አላለም። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃ ሲሆን ይለግማል። ሌላው ደህና ነው ብዬ ልለፈው አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ፣ "እማዬ፣ የሌላንድን ጀልባ ያቃጠልሽው እውነት አንቺ ነሽ? በሰባ ዓመትሽ በክብሪት ትጫወቻለሽ?" ስትለኝ ዝም ያልኩህ አባትህ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። አሁን ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎታል። እስኪነቃ ልጻፍልህ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መድኃኒቱን ላመጣለት ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ብቆይ ነው። ስመለስ ከጓሯችን ጭስ ሲወጣ ከመንገዱ ጫፍ አየሁ። መኪናዋን በሯን ሳልዘጋ ትቼ ሮጥኩ፤ በዚያ ጉልበቴ። አባትህ ቅጠሉን በሙሉ ሰብስቦ፣ ካርቶንና የወይን ሐረጉን ቁርጥራጭ ጨምሮ፣ በአሮጌው በርሜል ለኩሶታል። ንፋሱ ደግሞ ኮፍያ የሚነጥቅ ነበር። የእንጨት አጥሩ ተያይዟል። እሱ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያያል።

"ኦርሊን! ምን አደረግክ?" ብዬ ጮህኩ።

ዞሮ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄን ማነው የለኮሰው? በዚህ ንፋስ! የውሃ ጎማው የታለ?"

ሲያስመስል አልነበረም ልጄ። እውነት አያውቅም።

ጎማውን ስጎትት እሳቱ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ሌላንድ ጀልባውን የሚሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። ሌላንድ በካልሲ ብቻ ሮጦ ገባ። ጀልባዋን ከነመቆሚያዋ ሊጎትታት ታገለ፤ ሁለት እጁ ተቃጠለ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራት ናት። በሟች ሚስቱ ስም ማርሊስ ብሎ ጎኗ ላይ ጽፎባት ነበር፤ ቀለሙ ሲነድድ አየሁት።

እሳት አደጋዎቹ ቶሎ ደረሱ፤ የሰው ቤት ሳይነካ አጠፉት። አለቃቸው ዮላንዳ ናት። ታስታውሳታለህ፣ አባትህ ራሱ ያስተማራት፣ እኛ ቤት ስንት ጊዜ እራት የበላች። ወደ ጓሯችን ገብታ፣ "ማነው የለኮሰው?" አለች።

አባትህ እኔን አየኝ። እጁ ጥላሸት በጥላሸት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ከተማ እሳት አደጋ የመራ ሰው፣ እንደ ጠፋ ልጅ ዓይን ዓይኔን ያያል።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እርስዎ? የአለቃ ሚስት?"

"ቅጠሉ በዛብኝ ዮላንዳ። ምን ላድርግ?"

ይሄን ጊዜ አባትህ ጀመረ። "ቬርና፣ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ! ከተማ ውስጥ ቅጠልና ቆሻሻ አይቃጠልም። የሚነደው ደረቅ ንጹሕ እንጨት ብቻ ነው፣ እሱም በማንደጃው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከቤትና ከአጥር ሃያ አምስት ጫማ ርቆ። ጠዋት ደውለሽ ዛሬ ይፈቀዳል ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ውሃ ከአጠገብሽ አይጠፋም። አመዱ በእጅ ተነክቶ እስኪቀዘቅዝ ከቦታው ንቅንቅ የለም!" አንዲት አልሳተም። የገዛ እህቱን ስም ጠዋት ፈልጎ ያጣ ሰው፣ አንዲት ቃል አልሳተም። ዮላንዳ የራስ ቁሯን አውልቃ እንደ ድሮዋ ተማሪ ቆማ ሰማችው።

"ቅጣቱን ጻፊላት" አላት። "ሚስቴ ናት ብለሽ እንዳታልፊያት።"

ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ጭሱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች። ገብቷት ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ አባትህ አኩርፎኛል። ክብሪቱን ሁሉ ደብቆብኛል፤ የት እንደደበቀው ግን እሱም አያውቅም፣ ምድጃውን የምለኩሰው ከጎረቤት ተውሼ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሴቶች ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷማ ጋዜጣ ላይ "ሕጉን ከሌላው ይልቅ ማወቅ የነበረባት" ብላ ጻፈችብኝ። ልክ ናት፣ ምን ይባላል?

ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤት ጠሩን። ሰብሳቢው ሌላንድን፣ "እሳቱን ማን እንደለኮሰው አይተዋል?" አለው። የሌላንድ ወጥ ቤት መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው የኛን ጓሮ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ዕቃ የሚያጥበው እዚያ ቆሞ ነው። በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰብሳቢውን አየው።

"ጭሱ ብዙ ነበር" አለ። "አላየሁም።"

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። "ቬርና፣ ክብሪቱን ሲጭር አይቼዋለሁ። ቅጠሉን እየጨመረ ያፏጭ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" አለና፣ "ተይው፣ ጀልባ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ። እጁን እንዳልይዘው ቁስል ነው። አጠገቡ ቆምኩ።

ኮልቢዬ፣ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከነገረን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። "ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል" ብሎ አባትህ አስምሎኝ ነበር። አሁን ማስማሉንም ረስቶታል። እኔ ግን መሐላዬን የምጠብቅ እየመሰለኝ፣ ስትደውል ሁሉ "ደህና ነው፣ ጓሮ ወጥቷል" እልህ ነበር። ይቅር በለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ስትደውል "እናትህ የሰው ጀልባ አቃጠለች" ይልሃል። ደጋግሞ ነው የሚልህ። እንዳታርመው። "አዎ አባዬ፣ ዓይንህን ከሷ ላይ አትንቀል" በለው። ጠባቂዬ እንደሆነ ሲሰማው ቀና ይላል፣ ጫማውን እንኳ ራሱ ያስራል። እኔ ወቀሳውን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ሌላ ሌላውን ነው።

ና አልልህም፣ ሥራ አለህ። ካንተ ዘንድ እዚህ ድረስ በአውሮፕላን ከነመጠበቁ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል አሉኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ነቃ መሰለኝ፣ እየተጣራ ነው። ባለህበት እግዚአብሔር ይጠብቅህ፤ ደግ ሰው ያጋጥምህ፤ እንጀራህ ይባረክ፣ እርጅናህንም የብቻህ አያድርገው።

እናትህ
ቬርና