ካሜራው የማን ሆነና

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? መነጽርሽስ ተሠራ ወይስ እስካሁን የአባዬን እየተዋስሽ ነው የምታነቢው? ይህቺን ደብዳቤ እንኳ በራስሽ መነጽር ብታነቢያት ደስ ይለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም እንዳልልሽ ሥራም ጎድሎብኛል፤ እሱን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ፈተና የተፈተንኩበት የመንገድ ሥራ ድርጅት እንደውልልሻለን ብሎኛል። ስልኬን ሻወር ቤት ሳይቀር ይዤ ነው የምገባው። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ትዕግሥት ግን እንደሌለኝ አንቺ ወልደሽኝ ታውቂያለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስደውል አባዬ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይከፍተዋል፤ ጎረቤት ሳይቀር ሰላም ይለኛል። ይህ ነገር ግን ለአንቺ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሚጣ በእጇ እንድታደርስልሽ የሰጠኋት። በማስቲሽ አሽጌዋለሁ፤ የኔዋ ወሬኛ እህት ከፍታው ከሆነ ያስታውቃል። እባክሽ አባዬ ፊት እንዳታነቢው።

ነገሩ የድልድዩ ፎቶዎች ጉዳይ ነው።

ከተመረቅሁ ወዲህ ቁጭ ብዬ እንዳልሻግት የምጽፍበት ድረ ገጽ እንዳለ ነግሬሽ ነበር። ማንም የሚያውቀውን የሚጽፍበት፣ ያለውን ፎቶ የሚሰጥበት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያርምበት። አንቺ እንኳ "ደመወዝ የሌለው መሥሪያ ቤት ገባሽ" ብለሽ የሳቅሽብኝ። እዚያ ውስጥ የኛን ድልድይ ፈለግሁት። ርዝመቱ ተጽፏል፣ ጎርፍ የወሰደው መቼ እንደሆነ ተጽፏል፣ ፎቶ ግን አንድም የለም። አባዬ ፎርማን የነበረበት፣ አንቺ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘሽ አካፋና ዶማ የምታድይበት፣ አዲስ ሙሽሮች ሆናችሁ አብራችሁ የሠራችሁበት ድልድይ እንዳልነበረ ሲሆን አንጀቴ አልቻለም። እኛ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ታወሱኝ። ለእረፍት ስመጣ አንድ በአንድ ስካን አድርጌ ወሰድኳቸው፤ "ውሰጂ፣ ምን ያደርጉልናል" ያልሽኝም አንቺ ነሽ።

ድረ ገጹ ፎቶ የሚቀበለው በነፃ ፈቃድ ነው። ይህ ማለት፣ እማዬ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ያትመዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ቢፈልግ ይሸጠዋል። ግዴታው አንድ ነው፤ ያነሳውን ሰው ስም ከሥሩ መጻፍ። አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ መመለስ የለውም። ታዲያ ያነሳው ሰው ስም የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ደወልኩና አባዬን ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሳቀና "ካሜራው የማን ሆነና!" አለኝ። ከኋላው አንቺ ሰሐን ታጥቢ ነበር። የሰሐኑ ድምፅ ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና ቀጠለ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ የአባዬን ስም ጽፌ ላክሁ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ማዘጋጃ ቤቱ ለአዲሱ ድልድይ ምረቃ የድሮውን ፎቶ ሲፈልግ እዚያ አገኘው። አልጠየቁኝም፤ መጠየቅም የለባቸውም። ግድግዳ አሳክለው አተሙት፤ ከሥሩም የአባዬ ስም። ይኸው አባዬ እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ሊቀበል ልብሱን አሰፍቷል። ንግግሩን በስልክ እያነበበልኝ፣ "ብርሃኑን ከጀርባዬ አድርጌ" የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም በኩራት ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። አፌን በቆረጠው!

ድረ ገጹ ላይ በፈቃደኝነት ፎቶ የሚያጣራ ሰው አለ። ስሙን ሰፌድ ብሏል፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። ባለፈው ሳምንት ጻፈልኝ። "እህቴ፣ አባትሽ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ሲሚንቶ እያስቦኩ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ብረት ይዘዋል፤ ስድስተኛው ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል። ታዲያ በየትኛው እጃቸው ነው ያነሱት?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ካሜራው ሰው ሳይነካው በራሱ የሚያነሳ ዓይነት ይሆናል ብዬ መለስኩ። ወዲያው "እንግዲያው አራተኛውን ፎቶ እይው፤ ከግርጌ ጠጠሩ ላይ የአንሺው ጥላ ወድቋል። ጥላው ቀሚስ ለብሷል። አባትሽ ቀሚስ ይለብሱ ነበር?" አለ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ሳቄ ጠፋ። ሁለት ክርኖች ወደ ላይ፣ ነፋስ የያዘው ቀሚስ። እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም? ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ፎቶ እኮ ነው! "የአባትሽ ፎቶ" ሲባል ሰምቼ ጥላውንም የአባዬ አድርጌው ኖሯል።

ሕጉ ደግሞ ካሜራው የማን ነው አይልም። ማን አነሳው ነው የሚለው። ፈቃድ መስጠት የምትችለው ያነሳችው ሰው ብቻ ናት። እሷ ካልሰጠች ፎቶዎቹ ከእሁድ በፊት ይወርዳሉ። አብራኝ የምትኖረው የሕግ ምሩቋ፣ እኛ ጠበቃዋ የምንላት፣ "ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው፤ አባቴ አስነስቷቸው ነው ብለሽ ጻፊና ተገላገይ፤ ሰው በምረቃው ይደሰትበት" አለችኝ። ጻፍኩት። ለመላክ እጄ ቀርቦ ሳለ ነው ሌላ ሰው የመጣው።

ከፎቶዎቹ ሥር ማንም ሰው አስተያየት መጻፍ ይችላል። ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው እንዲህ ብሏል፤ "በዚያ ድልድይ ቀያሽ ነበርኩ። እነዚህን ፎቶዎች ያነሳችው የዕቃ ቤቷ ልጅ ናት። ስታነሳ ትንፋሿን ውጣ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ለመሆኑ ደህና ናት?"

እማዬ፣ አንቺ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ ምን እንደምታደርጊ አውቃለሁ።

የጻፍኩትን ውሸት አጠፋሁት። ለሰውየው ግን አልመለስኩለትም። "ደህና ናት?" የሚለውን የሚመልስ ሰው እኔ አይደለሁም። ጽሑፉ እዚያው አለ፤ ማንም ገብቶ ያነበዋል። የምረቃው አዘጋጆችም፣ የአባዬ ጓደኞችም፣ ሚጣም። እኔ በየደቂቃው እየከፈትኩ ሌላ ሰው መልስ ጽፎበት እንዳይሆን አያለሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን ፎቶ ደግሜ አየሁት። ፎቶ ቤቱ ከጀርባው በእርሳስ ተራ ቁጥር ጽፎበታል፤ ከፊልሙ ጥቅል የመጨረሻው ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ ድልድዩ ላይ ተደርድረው ሌንሱን ያያሉ። አባዬም ደረቱን ነፍቶ ሌንሱን ያያል። ዳር ላይ ባለ ሦስት እግሩን መቀየሻ ይዞ የቆመው ሰው ብቻ ከሌንሱ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ግን እማዬ፣ እኔን እንደዚያ ያየኝ ሰው እስካሁን የለም።

ልጅ ሳለን ካሜራው የት ሄደ ብለን ስንጠይቅ አባዬ ድልድዩ ላይ ከእጄ አምልጦ ወንዝ ገባ ይለን ነበር፤ እየሳቀ። አንቺ ያን ጊዜ ተነስተሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። ካሜራው ወንዝ ገብቶ ፊልሙ እንዴት ተረፈ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አንቺ ያነሳሽው አንድ ፎቶ እንኳ ቤታችን የለም። የእኔን የምርቃት ቀን እንኳ ስልኬን ስሰጥሽ "እኔ አልችልበትም፣ ለአባትሽ ስጪው" አልሽኝ። አባዬ አነሳን። የሁላችንም ጭንቅላት ተቆርጦ ወጣ።

እንዳትቀየሚኝ። አባዬን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ሲናገር የዋሸ አይመስለኝም። ካሜራውን የገዛው እሱ ነው፤ "የኔ ፎቶዎች" አለ። ሰው አመነው፤ እኔ አመንኩት፤ ስሙን በዓለም ፊት የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አሁን እሱ ራሱ አምኖት "ብርሃኑን ከጀርባዬ አድርጌ" ይላል። መድረክ ላይ በሰው ፊት እንዲያፍር አልፈልግም። ቀን ተሌት የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ስምሽ ቢወጣ እሱ ያፍራል፤ ባይወጣ ደግሞ አንቺ እንደገና ጓዳ ትገቢያለሽ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ የአባዬን ስም ካሁን በኋላ እኔ በእጄ አልጽፍም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን ብትሰጪ የምትወጂውን ስም መጻፍ ትችያለሽ፤ ሙሉ ስምሽን ወይም "የዕቃ ቤቷ ልጅ" ብለሽ። ይህንንም ሕጉ ይቀበለዋል። የፈቃዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ሚጣ ስልክ ልኬዋለሁ፤ ለአንቺ ሳትሰጥ እንዳትከፍተው አስጠንቅቄያታለሁ፤ አንብበሽ ከተስማማሽ ላኪ የሚለውን መንካት ብቻ ነው። አንዴ ከነካሽው ግን እኔም፣ አባዬም፣ አንቺም መመለስ አንችልም። ዝም ካልሽ ፎቶዎቹ ይወርዳሉ፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

ሦስተኛውን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ፈርቼው ነው። ለአባዬ ከእሁድ በፊት አንቺ ራስሽ ብትነግሪው ምን ይመስልሻል? ልብሱን ከመልበሱ በፊት፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ስልክም ሰውም በሌለበት። ከማንም ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻለዋል። ይቆጣል። ቁጣውን ታውቂዋለሽ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን አሁን ወንዙ ሩቅ ነው፣ እማዬ።

ሚጣ የያዘችውን ትንሿን ፓኬት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተቀበያት። አዲስ አይደለችም፤ አንድ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ የተጠቀመባት ናት፤ ባትሪዋ ግን ሙሉ ነው። ከላይ ያለችውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ስትጫኛት ራሷ ታጠራለች፤ ለአንቺ ይህንን ማስረዳቴም ድፍረት ነው። እሁድ ምን እንደምትይ፣ ለማን እንደምትይ አላውቅም። ብቻ አባዬ መድረክ ላይ ሲወጣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጪና አንሺው። ደረቱን ይነፋል፤ ጭንቅላቱን አትቁረጪበት።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። አባዬን ሳሚልኝ፤ ከልቤ ነው።

ይህቺ ካሜራ ከየት መጣች፣ የማን ናት ብሎ ከጠየቀሽ ግን የልጄ ናት እንዳትይው። ያንቺ ናት።

ምንጊዜም የምትወድሽ
የመጀመሪያ ልጅሽ