በስምህ የመጡት ሁለት ፖስታዎች

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለፈንታው፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ እግርህ ረጅም መንገድ ስትነዳ አሁንም ያምሃል? ሩትስ ደህና ናት? ተንኮለኛው በረከትስ ምን ያህል አደገ? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የአሶሳ ሙቀት በረታ ሲሉ ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አልቀረችም። ፋሲካን ያለ እናንተ ዋልን፤ ዶሮው እንኳ አልጣፈጠንም።

ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ሕመም አይደለም፣ ግራ መጋባት ነው። በስልክ ስጠይቅህ «ስመጣ እናወራለን» ብለህ ዘጋህብኝ። ስለዚህ በወረቀት ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እንደምታውቀው የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ምርጫ ሲደርስ፣ የጋራዡ ስቶር ቁልፍ በእኔ እጅ ነው ብለው አስመራጭ አደረጉኝ። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ እናንተ ውጭ ያላችሁ ሹፌሮች መምጣት ስለማትችሉ ድምፃችሁን በፖስታ እንድትልኩ ተወሰነ። የመረጥክበት ወረቀት በትንሽ ፖስታ ይታሸጋል፣ ትንሿ ትልቁ ውስጥ ትገባለች፣ በትልቁ ላይ ስምና ፊርማ ይሰፍራል። የመጣውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ ስቶር ቆልፌበት ከረምኩ።

የቆጠራው ዕለት ሳጥኑ በሠራተኛው ፊት ተከፈተ። ስምህ ተነበበ። ትንሽ ቆይቶ ስምህ እንደገና ተነበበ። አንባቢው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የባልደረባህ የያሬድ ስም ሁለት ጊዜ መጣ፣ ከዚያ የሌሎቹም፤ በጠቅላላው የስድስት ሰው ፖስታ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ፊርማውም ያው። ያን ጊዜ ከሒሳብ ክፍል አማን ብድግ አለና «ትርፍ ፖስታው የነበረው ማን ዘንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንድ አፍታ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።

ትርፉ እኔ ዘንድ ነበር። አንተ «ዝናብ ነካብኝ፣ ሌላ ላኪልኝ» ብለህ ላክህብኝ፣ ላክሁልህ። አንዱ ዘይት ፈሰሰበት አለ፣ አንዱ ልጅ ቀደደብኝ አለ። የሹፌር ነገር ነው ብዬ ለሁሉም ላክሁ። የተበላሸውን መልሱልኝ ማለት አልመጣልኝም።

ጋራዥ ውስጥ በተሰጠው ድምፅ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች፣ ጋሽ ንጉሴና ዓሪፍ፣ እኩል ለእኩል ስለሆኑ ነገሩ ሁሉ በእናንተ ፖስታ ላይ ወደቀ። ክርክሩን የሚፈታ ሰው ከወልድያው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መጣ። አንዱ መጀመሪያ የደረሰው ይቆጠር ይላል። ሌላው የሰው የመጨረሻ ቃሉ ነው ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ይጣል ይላል። ሽማግሌ ካልገባ የሚሉትም ሊቀመንበርነቱን በየስድስት ወሩ ይካፈሉት አሉ። እኔ የተናገረ ሁሉ ትክክል እየመሰለኝ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁ። የሚገርምህ ጋሽ ንጉሴና ዓሪፍ ጠዋት ጠዋት አብረው ሻይ ይጠጣሉ፤ የተጣላነው እኛ ነን።

ባለፈው ሳምንት ያሬድ ከመንገድ ገባ። ስቶር መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመና እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ ብዙነሽ፣ ለጋሽ ንጉሴም ለዓሪፍም እሺ ብያለሁ። ለአንዱ ብቻ ልኬ የሌላውን ፊት እንዴት አያለሁ?» ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ላከ! ለሁለቱም መስጠት ለማንም አለመስጠት ነው ስለው አሰብ አደረገና ቢያንስ ማንም አልተናቀም አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ።

ጋሽ ንጉሴ በረከትን ክርስትና ያነሳልህ ሰው ነው። ዓሪፍ መኪናህ የተገለበጠ ጊዜ ሐኪም ቤት ወለል ላይ እያደረ ያስታመመህ ሰው ነው። ማንን እንቢ ትላለህ? እኔም ብሆን አላውቅም። ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ ሰው ማክበር? ስንት ቀን አሰብኩት፣ እስካሁን አልለየልኝም።

የወልድያው ሰው ግን ወሰነ። እጥፍ የሆኑት ፖስታዎች ሳይከፈቱ ይቃጠላሉ። ሁለት የላከ ሰው ሁለቱንም እኔው ነኝ የላክሁት ብሎ ጽፎ ይፈርማል፣ በአዲስ ወረቀት አንድ ጊዜ ይመርጣል። እስከ ግንቦት ልደታ የሚያምን ካልተገኘ ግን ፖስታውን የጨመረችው ብዙነሽ ናት ይባላል። ያሬድ ፈንታው ከጻፈ እጽፋለሁ ይላል። ሌሎቹም የአንተን ዓይን ነው የሚያዩት። ቁልፉን ይውሰዱት፣ ግድ የለኝም። ድምፅ ሰረቀች ተብዬ ግን መርሳ ገበያ እንዴት እወጣለሁ?

ማንን እንደመረጥክ አልጠይቅህም፣ ብትነግረኝም አልሰማም። ብትጽፍ ለሁለቱም ቃል መግባትህን ጋሽ ንጉሴና ዓሪፍ ያውቃሉ፣ ማፈርህም አይቀርም። ግን እነሱ ወንዶች ናቸው፣ ይስቁብህና ይረሱታል። እኔ ላይ የወጣ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይወርድም። አዲሱን ወረቀትና ፖስታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በያሬድ እጅ ልኬልሃለሁ። ዝናብ እንዳይነካው።

አብርሃም ሰላም ብሎሃል፤ ባሌን ታውቀዋለህ፣ እኔ ስቆጣ እሱ ወደ ደጅ ይወጣል። ሶስና ለአጎቷና ለበረከት መሳም ልካለች። ሩትን በእኔ ስም እቅፍ አድርጋት። ጋሽ ንጉሴ ለክርስትና ልጁ፣ ዓሪፍ ለእግርህ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ሰላም በይልን አሉኝ። ሁለቱንም እሺ አልኳቸው።

እማዬ ምርጫውን ከስር ከመሠረቱ ባስረዳት አልገባትም። ይህን ብቻ ጻፊለት አለችኝ፦ «ለሁለት ባዕድ እሺ ያለ ልጄ፣ ለእህቱ እንቢ ማለትን ከማን ተማረው?»

እህትህ ብዙነሽ
መርሳ፣ ሀብሩ
ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.