ከዋሻ ወጣ ስለተባለው መስቀል፣ ከሠሪው የተጻፈ

ለክቡር ባሕታዊ ሙሉብርሃን
መሳለሚያ፣ ባለ አራት ድምፅ ማጉያው አዳራሽ

ጉዳዩ፦ የእጅ ሥራዬን ከፍ አድርገው ስላከበሩልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉሮሮዎን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እሁድ እሁድ ድምፅዎ ከመሳለሚያ ተነሥቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ስለሚደርስ፣ የታክሲ ረዳቶቻችን እንኳ መፎካከሩ አላዋጣ ብሏቸው ተሳፋሪ በእጃቸው መጥራት ጀምረዋል። ዓለምን ንቀው ወደ በረሃ ከወጡ በኋላ ዓለም ሁለት ስልክ አስይዛ ወደ እኛ መልሳዎታለችና፣ ለስልኮቹም ባትሪ፣ ለእኛም ጆሮ አምላክ እንዲሰጥልን እለምናለሁ።

እኔ አስናቀው እባላለሁ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ የኖርኩ፣ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የምሠራ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የመጻሕፍትን ምሥጢር ከእርስዎ ጋር ልከራከር አልደፍርም። የምደፍረው ስለ ብረት ብቻ ነው፤ ስለ ብረት ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከእርስዎ እኔ እሻላለሁ። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ መስቀሎቹ ዕድሜ። ባለፈው ጥቅምት ደቀ መዝሙርዎ ሚኪ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ስድሳ ትንንሽ መስቀሎች አዘዘኝ። አዲስ እንዳይመስሉ፣ እንዲያውም ያረጁ እንዲመስሉ አጥብቆ አሳሰበኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ለአዳራሽ ማስጌጫ ነው አለኝ። እኔም ጎረቤቴ ሁዛይፋ ከጋራዥ ካመጣው የናፍጣ በርሜል ቆርጬ፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክሬ፣ እሳት ላይ አጠቆርኳቸው። ሚኪ ዘይት ዘይት ይሸታሉ ብሎ ስላጉረመረመ ደግሞ በሎሚ ፈሳሽ ሳሙና አጥቤ አስረከብኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እነዚሁ መስቀሎች ዋሻ ውስጥ ለስምንት መቶ ዓመት ተቀብረው ኖረው በመልአክ ጥቆማ እንደወጡ፣ የገነት መዓዛም እንዳላቸው ከእርስዎ አንደበት ሰማሁ። በገነት ውስጥ ሎሚ መኖሩን እስካሁን ስላላወቅሁ ለዚህ ትምህርት በጣም አመሰግናለሁ።

መልአኩን ውሸታም አደረግኸው እንዳይሉኝ ማስረጃ አቀርባለሁ። የቆርቆሮ መቀሴ ምላጩ ላይ ተሸርፏል። በዚህ ምክንያት የምቆርጠው ብረት ሁሉ በግራ ጠርዙ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥርስ ይቀርበታል። ምድጃ ከእኔ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ የአመድ ማውጫውን በር ቢዳብስ ያገኛታል። ስድሳዎቹም መስቀሎች ላይ አለች። እንግዲህ ወይ የጥንት አባቶች መቀሴን ተውሰውኛል፣ ወይ እኔ ሳላውቀው ስምንት መቶ ዓመት ሞልቶኛል። ወገቤ ሁለተኛውን ይደግፋል።

፪. ስለ ራሴ ጥፋት። ክቡርነትዎን ብቻ ከስሼ ራሴን ነጻ እንዳላወጣ ይህንንም እጽፋለሁ። ያን ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞብኝ ስለነበር፣ ሚኪን አንድ ጊዜ ጠይቄ በመጀመሪያው መልስ ረካሁ። ለአዳራሽ ማስጌጫ የሚሆን መስቀል ለምን የአንገት ማሰሪያ ቀዳዳ እንደሚያስፈልገው ማሰብ የሚችል ጭንቅላት ነበረኝ፤ አላሰብኩበትም። ያሰበበት ሁዛይፋ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት መንገድ ላይ ቆመው መስቀሉን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሳለሙ አይቶ፣ «አስናቀው፣ የእናንተ ሃይማኖት ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ግን በርሜሉን እኮ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኚህን እናት ሳይ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በእኔ መስቀል ሙስሊም ጎረቤቴ ከእኔ ቀድሞ አፈረ። ይህን ውለታዎን መቼም አልረሳውም።

፫. ስለ ትምህርትዎ። መስቀሉን ያሰረ ሰው የንስሐ አባት አያስፈልገውም፣ መስቀሉ ራሱ ያናዝዛል ብለው አስተምረዋል። ለአንድ የናፍጣ በርሜል እንዲህ ያለ ሥልጣን የሰጠ ከእርስዎ በፊት አልነበረም፤ የበርሜሉ ዘመዶች በሙሉ በእርስዎ ይኮራሉ። እኔን የገረመኝ ግን የእኛ የመርካቶ ሰዎች ነገር ነው። እኛ እኮ ክር ስንገዛ ጫፉን በክብሪት ለኩሰን አሽትተን፣ ቅቤ ስንገዛ በጥፍራችን ቀምሰን፣ እንቁላሉን እንኳ ለፀሐይ ይዘን አይተን ነው እጃችንን ወደ ኪሳችን የምንሰደው። ለሆዳችንና ለልብሳችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ነፍሳችንን የሚመለከት ነገር ሲመጣ ሳንፈትሽ፣ ሳናሸትት፣ ማን አስተማረህ፣ ማንስ ላከህ ብለን ሳንጠይቅ፣ ከነመጠቅለያው ዋጥነው። አባቶቻችን ሃይማኖትን ጠብቁ ሲሉን ዘበኛ በር ላይ ማቆም መስሎን ነበር መሰለኝ፤ ለካ የሚሉን ትንሽ አሽትቱ ነው።

፬. ስለ ባለቤቴ ስለ ቦሰና። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማሟያ ነው።

ቦሰና በርበሬ ተራ የታወቀች ነጋዴ ናት። ሸክላ የተቀላቀለበት በርበሬ በሁለት ጣቷ አንዴ አሽታ ትለያለች፤ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ሲያዩዋት ጆንያቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ይህች ሴት አሁን መስቀልዎን አስራለች። ለምን እንዳሰረችውም አውቃለሁ። ከእህቷ ከየሺ ጋር ከተኳረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በእናታቸው ተዝካር ላይ በተወረወረች አንዲት ቃል። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ኢየሱስ፣ መጀመሪያ ሄደሽ እህትሽን ታረቂ፣ ከዚያ ነይና እግዚአብሔር ይፍታሽ እላለሁ አሏት። እርስዎ ደግሞ መስቀሉን እሰሪ አሏት። ፒያሳ የሺ ቤት ድረስ ሄዶ በር ከማንኳኳትና አንገት ላይ ክር ከማሰር የትኛው እንደሚቀል ለማወቅ ስምንተኛ ክፍልም አያስፈልግ። መስቀሉን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግራት፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅዱስ ነገር የምትሠራው?» አለችኝ። የመቀሴን ጥርስ ባሳያት፣ እሷማ የመልአኩ ጣት ያረፈባት ቦታ ናት ተብለናል አለችኝ። ለመቀሴ እንዲህ ያለ ማዕረግ ስለሰጡልኝ በመቀሴ ስም አመሰግናለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሊያስቀኝ ይችል ነበር። ነገር ግን አባ ገብረ ኢየሱስ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ወራቸው ነው። ያጋቡን እሳቸው ናቸው፤ ልጃችንን የቀበርንም ጊዜ ቦሰናን ከመቃብሩ አፋፍ ደግፈው ያነሷት እሳቸው ናቸው። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ዓይናቸውን ከኋላዬ ወዳለው በር ልከው «ቦሰናስ?» ይሉኛል። እኔም ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ለታመመ ካህን፣ ያውም ለንስሐ አባቴ፣ በየሳምንቱ እዋሻለሁ። አባ ከእሷ ጋር ሳይታረቁ፣ ሳይተያዩ ቢያልፉ ቦሰና ራሷን ይቅር እንደማትል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፣ የምቀልደውም ስለፈራሁ ነው።

ስለሆነም አንዲት ልመና አለችኝ። እኔን አታምነኝም፤ እርስዎን ታምናለች። በሚመጣው እሁድ፣ በዚያ በአራቱ ድምፅ ማጉያ፣ የንስሐ አባታችሁን ሄዳችሁ ብትጠይቁ መስቀሉ አይቆጣም ብለው አንዲት ቃል ይበሉልኝ። ባል ሚስቱን ለማግኘት ከባሕታዊ ፈቃድ ሲለምን የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም፤ ለዚህም ታሪክ ስላበቁኝ ውለታዎ አለብኝ።

፭. ስለ ድምፅ ማጉያዎቹ። ከአራቱ አንዱ ይጮኻል፣ ሽቦው ሳይላላ አይቀርም። በነጻ እሠራልዎታለሁ። ሦስቱን ደግሞ በነጻ አጠፋልዎታለሁ።

በመጨረሻም፣ የሰነፍ እጄን ሥራ ከቆሻሻ ክምር አንሥተው ሰማይ ድረስ ላደረሱልኝ፣ ምድጃ ሠሪውን ሳላውቀው ከጥንት አባቶች ተርታ ላቆሙኝ፣ ከዚህም ሁሉ በኋላ ስሜን በትሕትና ለደበቁልኝ ለእርስዎ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ መቀሴን ግን በእጄ እንደያዝኩ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የናፍጣ በርሜሎች ታዛዥ አገልጋይ፣
አስናቀው
ምን አለሽ ተራ

ግልባጭ፦
ለሁዛይፋ፣ ስለ በርሜሉ ከይቅርታ ጋር
ከእኔ ምድጃ ለገዛ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ፣ አዳራሽዎ በር ላይ የሚለጥፍልኝ ሰው ሳፈላልግ፣ ሦስት ሳምንት በኪሴ ሰነበተ። በዚህ መካከል ሚኪ ተመልሶ መጣና፣ የመጀመሪያዎቹ ስላለቁ አሁንም ከዋሻው ሊወጡ ነው መሰለኝ፣ መቶ ተለቅ ተለቅ ያሉ መስቀሎች አዘዘኝ። እሺ አልኩት። ይኼኛውን ጊዜ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ጥቁረቱን በዘይት ሳይሆን በሻማ ሰምና በጥቀርሻ ነው ያስያዝኩት፤ ለጊዜው ያምራል፣ የሰው ገላና ላብ ሲያገኘው ግን በሦስት በአራት ቀን ይለቅቃል። ከጥቀርሻው ሥር በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በምስማር ነጥቤ፣ «አስናቀው ምን አለሽ ተራ ሠራው። ይህ ብረት አያናዝዝም፤ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ» ብዬ ጽፌያለሁ። ባለፈው እሁድ ሁሉንም ባርከው በእጅዎ አድለዋል፤ እጅዎ ይባረክ።

በቁጥር ፬ የለመንኩትን ፈቃድ ይተዉት። ቦሰና ከእጅዎ የተቀበለችውን አዲሱን መስቀል ጀርባ ረቡዕ ማታ ስትታጠብ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ዛሬም ጭምር። ጠዋት ግን ነጠላዋን ለብሳ፣ ወዴት ነሽ ሳልላት፣ «የሺ ጋ ነኝ፤ በሩን ከከፈተችልኝ አብረን አባ ጋ እንሄዳለን» ብላኝ ወጣች። አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል፣ አልተመለሰችም፤ የምጽፍልዎ በር በሩን እያየሁ ነው።

የእርስዎን፣ ከመቶው ለራስዎ አስቀርተው ደረትዎ ላይ ያንጠለጠሉትን ትልቁን፣ ከሁሉም አጥልቄ የጻፍኩት እሱን ነው። ገልብጠው ያንብቡት።