ለምጥ ያስቀመጥናት ጀሪካን

ለተከበሩ የነዳጅ ድብልቅ ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ የቢሮዎ መስኮት ላይ ያለችው አበባ ሳትቀር ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አስናቀ ሀብተ ሥላሴ እባላለሁ፤ ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ የወጣሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ጣና ዳር የምኖር ሰው ነኝ። በስምዎ ጠርቼ ባከብርዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለ ነበሩ፣ በርዎም ላይ ስም ስላልተለጠፈ፣ በማዕረግዎ ብቻ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። ከስኳር ተረፈ ምርት ኤታኖል አውጥታችሁ ከቤንዚን ጋር መቀላቀላችሁ፣ አገር ከውጭ የምታስገባውን ነዳጅ ለመቀነስ እንደ ሆነ ተረድቻለሁ፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዚህ ቀጥሎ በተራ የቀረበው ነው።

፩ኛ. በሰፈራችን ያለችው መኪና የእኔዋ አሮጌ ዲኤክስ ብቻ ናት። ሴት ምጥ ሲይዛት የሚንኳኳው የእኔ በር ነው፤ በእኛ ወግ መኪና ያለው ሰው እምቢ አይልም። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር እንዳንጨነቅ፣ ዕድራችን አንዲት ሃያ ሊትር ጀሪካን ለምጥ ብቻ ብሎ ለይቶ እኔ ቤት አስቀመጣት። ለሠርግም ለቀብርም አትነካም። ግንቦት ላይ ከቀበሌ በጽሑፍ አስፈቅደን ሞላናት። ማደያው ድብልቁን መሸጥ ከጀመረ ወር አልፎት እንደ ነበር የሰማሁት ግን በኋላ ነው፤ ፓምፑ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፣ ቀጂውም የሚያውቀው አልነበረውም። አእምሯችን በብዙ እውቀት እንዳይጨናነቅ ስለ ተጠነቀቁልን እግዜር ይስጥልን።

፪ኛ. እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ቤንዚን ስናስቀምጥ እንዳይሞቅና እንዳይተን ብለን አፉን በጨርቅ ወትፈን እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን። ትንሽ ውሃ ቢገባበት እንኳ ከታች ስለሚተኛ፣ የመጨረሻዋን ጣሳ ሳንገለብጥ እንተዋታለን። ይህ ዘዴ ስንት ዓመት አገልግሎናል። ኤታኖል ግን ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፣ ሲበዛበት ደግሞ ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያል፤ ታች የሚተኛውም አንድ ጣሳ ሳይሆን ብዙ ሊትር ይሆናል። ይህን ያስረዳኝ መካኒኩ ግሩም ነው፣ እሱም ነገሩ ካለፈ በኋላ። ክረምቱን ሙሉ ጆንያውን እያረጠብሁ፣ ለእናቶች ደግ ሥራ እየሠራሁ መስሎኝ፣ በገዛ እጄ ውሃ ሳጠጣት ከረምሁ።

፫ኛ. መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ የጎረቤቴን የይትባረክን ሚስት እናትዓለምን ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባልን። የመኪናዬ የነዳጅ ቋት፣ ሰልባቲዮው፣ ባዶ ስለ ነበር ጀሪካኗን ገለበጥሁ፣ የመጨረሻዋን ጣሳ እንደ ልማዳችን ተውሁ፣ ተነሣን። ከመንገዱ እኩሌታ ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እንቅ እንቅ አለና ጠፋ። ባጃጅ እስክናገኝ አንድ ሰዓት ከሩብ እዚያው ቆየን። እናትዓለም ተርፋለች። ሕፃኑ አላለቀሰም። አዋላጇ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ይትባረክ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቆሞ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

፬ኛ. ግሩም ከሰልባቲዮው የቀዳውን በጠርሙስ አምጥቼ ለቢሮዎ አስረክቤ ነበር። ፈጣን መልስ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ ነዳጁ ከማደያው ሲወጣ ደረጃውን የጠበቀ እንደ ነበረና ጥፋቱ የአስቀማጩ እንደ ሆነ ይገልጻል፤ ማኅተሙም በጣም ያምራል። እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ለማወቅ ማኅተም አላስፈለገኝም። ነገር ግን እኔ ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው፤ እርስዎ ዝም ያሉት እያወቁ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓምፑ ላይ ኤታኖል እንዳለበት፣ ለብዙ ጊዜ እንደማይቀመጥና ከእርጥበት መራቅ እንዳለበት የሚናገር አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ወረቀትና ሙጫ ካጠረ ዕድራችን ያቀርባል።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ደጅዎ ካለው አግዳሚ ላይ ተራዬን የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ አስናቀ ሀብተ ሥላሴ

ማስታወሻ፦ ልጄ ወንጌላዊት ኅዳር ላይ ትወልዳለች። ጀሪካኗን ባዶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፤ ሙላት የሚለኝ ሰውም የለም። የክቡርነትዎ መኪና በናፍጣ ስለምትሄድ ይህ ድብልቅ እንደማይነካት ከጥበቃዎ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ወጋችንን ከላይ ነግሬዎታለሁ፤ ኅዳር ላይ የግቢዎ በር ሲንኳኳ እኛ ነን። እባክዎ ቶሎ ይክፈቱልን።