የሂልዳ ጣሪያ

ኪግሊ፣ እንግሊዝ፣ እሑድ ከጸሎት መልስ

ውድ እትዬ ሂልዳ፣

ከሞትሽ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሸሸግሁትን በደል ዛሬ እነግርሻለሁ። ሰው ቋጣሪ ነበረች እያለ ሲያማሽ እየሰማሁ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁትም የተውሽልኝን ገንዘብ ለመደበቅ ነው።

ባለቤቴ ኤልሲ ካረፈች ጀምሮ ጡረታዬ አልበቃ ብሎኝ መንግሥት በየሳምንቱ ሃያ ሁለት ፓውንድ ማሟያ ይሰጠኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ገቢውና ቁጠባው ላነሰ ሽማግሌ የሚሰጥ ነው። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ቢሮ ስትጠርጊ ኖረሽ ያጠራቀምሽውን አሥራ ስምንት ሺህ ፓውንድ "ለሴሲል፣ ማሞቂያውን ሳይሳሳ እንዲከፍት" ብለሽ ተናዘዝሽልኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ይህን ካወቁ ማሟያውን ይነጥቁኛል፣ የቤት ኪራይ ድጎማዬም ይከተላል፣ በስተርጅና ከቤቴ እወጣለሁ አልሁ። "የተለወጠ ነገር አለ?" የሚል ቅጽ በፖስታ ሲመጣልኝ "የለም" ብዬ ፈረምሁ። የዚያን ዕለት መጸለይ አቃተኝ።

ገንዘቡን ለማሳነስ ደግሞ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ሦስት ሺውን ስሜን ሳልጽፍ ለጸሎት ቤታችን ጣሪያ ማሠሪያ ሰጠሁ። ለእግዚአብሔር የተሰጠውን ማን ይቆጥርብኛል ብዬ ነው። ጣሪያው ተሠራ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እዚያው ሻይ ስንጠጣ አርኖልድ፣ ምላሱን ታውቂው የለ፣ ወደ ላይ ያሳያል።

"ይኸው፣ ስሙን ያልጻፈ ደግ ሰው ከዝናብ አዳነን። ያቺ እህትህ ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብስኩት እንኳ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለነገ የምታስቀምጥ ነበረች!"

ሰው ይስቃል። አንድ ቀን እኔም፣ እትዬ፣ አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው እሑድ በጸሎት ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ የማንበብ ተራ ደረሰኝ። የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ነበር። ከሸጠው መሬት ዋጋ ከፊሉን ደብቆ ያስቀረበት ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

"ምነው አንተ፣ ሐናንያ ጉሮሮህን ያዘህ እንዴ?" አለኝ አርኖልድ ተመልሼ ስቀመጥ።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። እዚያ ስለ ጡረታና ድጎማ በነጻ ምክር የምትሰጥ ናዚያ የምትባል ልጅ አለች። አንድም ሳላስቀር ነገርኋት።

"ልታሰር ነው?"

"ኧረ አባባ! እርስዎን አስሮ ማን ገንፎ ሊያበላዎት?" ሳቀችና ኮስተር አለች። "የመጀመሪያውን አሥር ሺህ አይነኩብዎትም። ከዚያ በላይ ላለው፣ ለየአምስት መቶው በሳምንት አንድ ፓውንድ ይቀንሳሉ። አሥራ ስድስት ፓውንድ መሆኑ ነው። እርስዎ ያላግባብ የወሰዱትን ይመልሳሉ፣ ምናልባትም ትንሽ ቅጣት ይኖራል። ከሃያ ሁለቱ ስድስቱ ግን ይተርፍዎታል፤ የኪራዩም ድጎማ አይቋረጥም።"

"ለጣሪያው የሰጠሁትስ?"

"እሱም በእጅዎ እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። የሰጡት ማሟያው እንዳይነካ ብለው አይደል?"

"ነው" አልኋት። እንዲህ የከበደኝ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ለካ ስምሽን የሸጥሁት በሳምንት አሥራ ስድስት ፓውንድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጸለይሁና ለጡረታ ቢሮው ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ስለ ውርሱ ነግሬያት "ሟቿ ማን ይባላሉ?" ስትለኝ ስምሽን ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ዕዳዬን ከተውሽልኝ ላይ እከፍላለሁ፤ ከፍዬም ይተርፈኛል። ማሞቂያውም፣ እንዳልሽው፣ በርቷል።

ዛሬ ደግሞ አርኖልድ ብስኩት አንሥቶ ያንን ቀልዱን ሊጀምር ሲል ሲኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

"ይህን ጣሪያ ያሠራው የሂልዳ ገንዘብ ነው" አልሁ። "ደግነቱ የእሷ፣ መደበቁ የእኔ።" "የለም" ብዬ የፈረምሁበትን ቅጽም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

ማንም አልሳቀም። አርኖልድ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ብስኩቱን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ሰጠኝ። ተቀብዬ በላሁ።

ወንድምሽ
ሴሲል