የደፈንኩት ስንጥቅ

ጥር 1 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ሶዶ።

የሲሚንቶ ቡኮ ሳቦካ ዋልኩ። የት/ቤቱ ግድግዳ መስኮት ደርሷል። ወገቤ አልቋል። ደብተሬ፣ ከዱጉና ተራራ ሥር ሰው መጣ፤ ታናሽ ወንድሜ ነው የላከው። እናታችን እሱ ዘንድ ናት። አምና ከተራራው ግርጌ የሠራሁላት የእንፋሎት ቤት ተበላሽቷል ይላል። እንፋሎቱ ጠፋ። ወለሉ ግን ይግላል፣ ከሥሩም ያጉረመርማል። እናቴ እንደ ወትሮዋ በየቀኑ ከሰዓት እዚያው ትቀመጣለች፤ ልጄ የሠራው ነገር አያሳፍረኝም፣ እንፋሎቱ ይመጣል ትላለች። ሳቅሁ። የእንፋሎቱን መውጫ ቀዳዳ ጥረጉት ብዬ ላክሁበት።

ጥር 3፣ ሐሙስ።

ሳቄ ለምን እንደቀረ ልንገርህ። ድሮ ሰው ስንጥቁ ላይ ቅጠል አንጥፎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ነበር የሚቀመጠው። እንፋሎቱ በየቦታው ይባክናል፤ እናቴን ደግሞ ጉልበቷ አላስተኛ ብሏታል። እኔ ጎበዙ ግንበኛ ስንጥቆቹን በሙሉ በሲሚንቶ ደፈንኩ። መዳፍ የማታክል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተውኩ፣ በኃይል እንዲወጣላት። ሰፈሩ ሁሉ መረቀኝ።

ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ጂኦግራፊ የሚያስተምረውን መ/ር ዳልኬን ጠየቅሁት። አንዱ ተራራ ለምን ይፈነዳል፣ ሌላው ለምን ዝም ብሎ ይፈሳል? የራሴን ቡኮ አሳየኝ። ቀጭኑ ውስጥ ያለ አረፋ ወጥቶ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የቀለጠ ድንጋይም እንዲሁ ነው አለ። ቀጭኑ ጋዙን እየለቀቀ ይወርዳል። ወፍራሙ፣ መስታወት የሚሠራበት ነገር የበዛበት፣ ጋዙን እንደያዘ ይወጣና ከላይ ጫናው ሲቀልለት ይፈነዳል።

የእኛስ? አልኩት። ዱጉና ሥር ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ድንጋይ የፍንዳታ አረፋ ነው አለኝ። ቆዳ የሚፋቅበት ጥቁሩ ድንጋይም ከወፍራሙ የመጣ ነው፤ ግን ጋዙ ቀድሞ ስለወጣለት ሳይፈነዳ ፈሰሰ።

ጋዙ ቀድሞ ስለወጣለት! እኔ ደግሞ መውጫውን ደፈንኩ። 

ጥር 4፣ ዓርብ።

እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ትዳስሳለች። ተራራ ደፈንኩ ልበላት? ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

መ/ር ዳልኬ ዘንድ ተመለስኩ፣ ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የተራራው ነገር የሚወሰነው ከመሬት በታች ሩቅ ነው፤ ያንተ ሲሚንቶ ምኑም አይደለም አለኝ። ተንፈስ አልኩ፣ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ የወለሉን ውፍረት ጠየቀኝ። አንድ ክንድ። ውስጡስ ሰው ይገባል? እናቴ፣ በየቀኑ። ሳቁን አቆመ።

«ተራራውን ተወው። ከወለልህ ሥር የሚፈላው ውሃ ግን መውጫ ካጣ ወለሉን ያፈነዳዋል።»



ጥር 5፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት።

ዲጂኖና መዶሻ ይዤ ልወጣ ነው። በቅሎ አጣሁ፤ በእግሬ። መንገድ ላይ አድራለሁ። ነገ እሑድ ነው፣ ቤ/ክ ውስጥ የማንበብ ተራዬ ነበር። በሰንበት ድንጋይ ሰበረ ብለው ሽማግሌዎቹ ይቆጡ። ይቆጡ!

ጥር 6፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ዱጉና ሥር።

ደረስኩ። እናቴ ውስጥ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወለሉ ላይ ዘርግታ።  ወለሉን በመዳፌ ነካሁ፤ ይንቀጠቀጣል። ጥግ ላይ ሲሠራ ያልነበረ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። 

እውነቱን ብነግራት እኔን ጥላ አትወጣም። አውቃታለሁ። ስለዚህ ዋሸኋት፤ እንፋሎቱን ላብዛልሽ ነው፣ እስከዚያ ራቅ በይ አልኳት። ደስ አላት። ራሴን ዳስሳ መረቀችኝ። ወንድሜ አዝሏት ወጣ፤ አሁን ከላይ ዛፉ ሥር ተቀምጣ በእጇ ታሳየኛለች፣ መሃሉን መሃሉን ትላለች።

መሃሉን አይደለም። ከዳር እጀምራለሁ፣ ከውጭ በኩል፣ የድሮዎቹን ስንጥቆች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ እንዲወጣ። መ/ር ዳልኬ እንዳለው፣ ቀድሞ እንዲወጣለት።

ደብተሬ፣ አንተን ለእሷ ልሰጣት ነው። ማንበብ አትችልም። የመሣሪያ ዝርዝር ነው፣ አደራ ያዢልኝ እላታለሁ። ወለሉ አሁን ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ልጀምር ነው።